ከኦስሎ ብራስልስ ስንት ሰዓት ነው?

ባለፈው ሳምንት የት ላይ እንደተለያየን አልረሳሁም። ሀቢሶ ቢሮዬ ገባ፣ ማስኩን ወደ አፍንጫው ከፍ አደረገ፣ ወንበር እንኳ ሳይስብ ቆሞ «ፀጊ፣ ከኦስሎ ብራስልስ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ፤ እኔም ደሜ ፈላ። እዚያ ላይ ነበርን። «ይህ ልጅ ጤና የለውም እንዴ?» ያላችሁ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። አትፈሩ፣ እኔም ብያለሁ።

አዲስ ለመጣችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ስሜ ፀገነት ነው። ጆሃንስበርግ፣ ጄፒ ጎዳና፣ ከላይ እስከ ታች የሐበሻ ሱቅ በሆነ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የአክስቴ የእናትነሽ ትኬት ቢሮ አለ። ትኬት ቆራጯ እኔ ነኝ። ሀቢሶ የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ከከተማው ዳር ዛንድስፕሩት በሚባል ሎኬሽን፣ የጥቁሮች የድሃ ሰፈር ውስጥ፣ ስፓዛ አለው፤ ከዳቦ እስከ ኤርታይም፣ የስልክ ካርድ መሆኑ ነው፣ የሚሸጥባት የቆርቆሮ ሱቅ። እሱ ጴንጤ ነው፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። እሱ ሎኬሽን፣ እኔ ከተማ። አክስቴ ሁለቱንም ጥፋቱን በአንድ ትንፋሽ ነው የምትጠራው፤ «ጴንጤ የስፓዛ ልጅ» ትላለች፣ የአባቱ ስም ይመስል።

ጊዜው ደግሞ ማንም ሰው የትም የማይሄድበት ነበር። ጥር ነው፣ ሁለተኛው የኮሮና ማዕበል። «አዲሱ ቫይረስ ደቡብ አፍሪካ ተገኘ» ተብሎ አውሮፓ በሩን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶብናል። ስልክ አንስቼ «በረራዎ ተሰርዟል» ማለት ነበር ሥራዬ። እንዲህ ባለ ሰሞን አንድ ሰው በየማክሰኞው፣ ዕቃ ሊጭን ከተማ በወጣ ቁጥር፣ ደረጃውን ወጥቶ በሌለ አውሮፕላን የሁለት ከተማ ርቀት ይጠይቀኛል። አንድ ቀን አይደለም፣ ሁለት ቀን አይደለም። ከኅዳር ጀምሮ ዘጠኝ ማክሰኞ ቆጥሬያለሁ።

እኔም እመልስለታለሁ። «ሺህ ሰማንያ ኪሎ ሜትር አካባቢ፤ ቀጥታ ከሆነ ሁለት ሰዓት። በኮፐንሃገን ከዞርክ አራት ይሆናል።» እሱ ከኪሱ ትንሽ ደብተር አውጥቶ ይጽፋል። ባለፈው ሳምንት ጽፎታል እኮ፤ ደግሞ ይጽፈዋል። ከዚያ ቀና ብሎ ያየኛል። በዚያ ዘመን የሰው ፊት ማለት ዓይን ብቻ ነበር፤ የሱ ዓይን ደግሞ አንድ ነገር የሚጠብቅ ሰው ዓይን ነው። የሚጠብቀውን ነገር እኔ አላወቅኩለትም። «ሌላ የምረዳህ አለ?» እለዋለሁ፣ ለማላውቀው ደንበኛ እንደምለው። «የለም፣ ጌታ ይባርክሽ» ብሎ ይወጣል።

እኔና እሱ እንዲህ አልነበርንም። በመጀመሪያው ሎክዳውን፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ተቆልፎ ሲቀመጥ፣ ሀቢሶ ከዛንድስፕሩት ቤሪያ ሰፈር፣ እኔና አክስቴ የምንኖርበት ፍላት ድረስ ዱቄትና ዘይት ይዞ ይመጣና ለዘበኛው ትቶልን ይሄድ ነበር። እኔ ከአምስተኛ ፎቅ መስኮት አንገቴን አስግጌ አየዋለሁ፣ እሱ መኪናው አጠገብ ቆሞ እጁን ያነሳልኛል። ፍቅራችን በቃ ይኸው ነበር፤ ግን ሳምንቱን ሙሉ ይበቃኝ ነበር። ነሐሴ ላይ ሕጉ ሲላላ ዙ ሌክ ሐይቁ ዳር ወሰደኝና፣ ሣር ሣሩን እያየ «ፀጊ፣ ስላንቺ እየጸለይኩ ነው» አለኝ። ደነገጥኩ። «ምነው፣ የታመምኩ መሰልኩህ?» አልኩት። ሳቀ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ። በነሱ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅ ለአንዲት ሴት እንዲህ ካለ ላገባሽ አስቤያለሁ ማለቱ እንደሆነ ያኔ ነው የተማርኩት። እኛ ሰፈር እንዲህ የሚባለው ለበሽተኛ ነው።

ኅዳር ላይ ስልኩ ዝም አለ። ብደውል አያነሳም፣ ብጽፍ «ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብቻ። ከዚያ አንድ ማክሰኞ ራሱ መጣና ያን ጥያቄ ጠየቀኝ። በሁለተኛው ማክሰኞ አልቻልኩም።

«ኦስሎ ማን አለህ?» አልኩት።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን የሳኒታይዘር ጠርሙስ አነሳና እዚያው መልሶ አስቀመጠው። «አንዲት ልጅ ናት» አለኝ።

«ትወዳታለህ?»

«አዎ።»

«በጣም?»

«በጣም።»

ወንድ ልጅ ሲዋሽ ማወቅ አያስቸግረኝም፤ ይሄ ግን እውነቱን ነበር። ልቤ ስንጥቅ አለ። የኛ ቤት ሴቶች ደግሞ ሲከፋን ጨዋ እንሆናለን። «ብራስልስስ?» አልኩት ፈገግ ብዬ። ማስክ እንዳጠለቅኩ ረስቼው ነው እንጂ ፈገግታው ለማንም አልታየም። «ወንድሜ እዮኤል እዚያ ነው፤ ና ብሎኛል፣ ወረቀቱን ጀምሮልኛል» አለ። ነገሩ ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። እሱ ብራስልስ፣ ልጅቷ ኦስሎ፣ በሁለት ሰዓት በረራ እየተገናኙ ሊኖሩ። እኔ ደግሞ ሰዓት ነጋሪያቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ «የጠዋቱ ይሻልሃል፣ የማታው ይዘገያል» እያልኩ ደቂቃውን ሳይቀር አስተካክዬ ነገርኩት። እልኸኛ ነኝ። ማልቀስ ካለብኝ ቤሪያ ሄጄ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው የማለቅሰው።

በጥር የመጨረሻው ማክሰኞ ግን አልጠየቀኝም። የታጠፈ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ፣ ክርኑን ከክርኔ አነካክቶ ሰላም ብሎኝ ወጣ። ወረቀቱን ከፈትኩት። ሀቢሶ አማርኛን ትምህርት ቤት ነው የተማረው፤ ፊደሉ አንድ በአንድ የተለቀመ፣ የተስተካከለ ነው።

«እኅቴ ፀገነት፣ እንኳን ደስ አለሽ። መንገድሽን ጌታ ያቅናልሽ። አልከፋኝም ብዬ አልዋሽም፤ ግን የሰው ሰላም አልበጠብጥም። ሁለት ሰዓት ሩቅ አይደለም እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ወንድምሽ ነኝ። ሀቢሶ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እሱ ሊያገባ፣ እኔን እንኳን ደስ አለሽ? በምኑ ነው ደስ የሚለኝ? «ወንድምሽ ነኝ» የምትለዋ ደግሞ ከሁሉም የባሰች ነበረች። ቀድጄ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት። ቢሮ ልዘጋ ስል ተንበርክኬ ቁርጥራጩን ለቀምኩ። ምን አባቴ ላድርግ፣ እወደዋለሁ።

* * *

እሑድ ከቀትር በኋላ አክስቴ «ፀጊዬ፣ እስቲ ያንን ኮምፒውተር አስተካክይልኝ፤ ማኅበሩ ዛሬ በዙም ነው» አለችኝ። ያን ሰሞን ማኅበሩም ልቅሶውም በዙም ስለነበረ አልገረመኝም። ላፕቶፑን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁላት፣ ድምፁን ሞከርኩላት። አክስቴ በነገር ሁሉ የምታማክራቸው ጋሽ ታዬ ሙሉ ልብስ ለብሰው ከነማስካቸው መጡ። አክስቴም የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳለች። «አንቺም ያችን ነጯን ልበሻት፤ ሰው ያይሻል» አለችኝ። ለበስኩ። አያችሁ ሞኝነቴን? የገዛ ሽምግልናዬን ገመድ በገዛ እጄ ሰካሁት።

ስክሪኑ ሲከፈት ሦስት ሰዎች ታዩ። ሦስት ሆዶች ማለቴ ነው። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ተሰምቶለት እሺ እስኪባል አይቀመጥም፤ እነሱም ደንቡን ጠብቀው ቆመዋል፤ ካሜራው ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ ግን ከደረት በላይ ማንም አይታይም።

«እባካችሁ ተቀመጡ» አለች አክስቴ።

«የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ መካከለኛው ሆድ።

ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነከስኩ። ለማን ይሆን የመጡት ብዬ ሳላስብ ሆዱ ቀጠለ፤ «እኛ የመጣነው ከኦስሎ ከተማ ነው። ልጃችን ሀይለየሱስ፣ በሥራው የተመሰገነ፣ በቤተ ክርስቲያን ያደገ፣ እዚሁ ኦስሎ የሚኖር፣ ልጃችሁን ፀገነትን በሕግ በሥርዓት ለትዳር...»

ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁትም። ኦስሎ። ዘጠኙ ማክሰኞ በአንድ ጊዜ መጣብኝ። አንዲት ልጅ ናት። ትወዳታለህ? አዎ። ልጅቷ እኔ ነኝ። ሀቢሶ ሲጠይቀኝ የከረመው እኔ ከምወሰድበት ከተማ እሱ እስከሚሄድበት ድረስ ስንት እንደሚርቅ ነው፤ እኔ ደግሞ የጠዋቱ ይሻልሃል እያልኩ መለስኩለት። እንኳን ደስ አለሽ ያለኝም ለዚህ ነው። የሶፋውን ጀርባ ይዤ ቆምኩ።

«አክስቴ» አልኩ፣ «ሀቢሶ ይህንን በምን አወቀ?»

«አሁን የሱ ሰዓት ነው? እንግዳ አለ» አለች ጥርሷን ነክሳ።

«በምን አወቀ?»

«ልጄ፣ ቆይ እስቲ፣ ሰዎቹ ይጨርሱ» አሉ ጋሽ ታዬ።

«ጋሽ ታዬ፣ እርስዎ እንደ አባቴ ነዎት፣ አከብርዎታለሁ። ግን እኔ ሳልጠየቅ ነው እንዴ የሚጨርሱት?»

ስክሪኑ ጥግ ላይ ጨልሞ የነበረ አንድ መስኮት በራ። መነጽር ያደረገ ወጣት፤ ከኋላው መስኮቱ ላይ በረዶ። «ይቅርታ» አለ። «ሀይለየሱስ ነኝ። ፀገነት፣ ተስማምታለች ተብዬ ነው እኮ። አልተስማማሽም?»

«ስምህን ገና አሁን ነው የሰማሁት» አልኩት። «ሀይለየሱስ፣ ክፉ ሰው አትመስለኝም፤ እንድትከፋም አልፈልግም። ግን እኔ የምወደው ሰው አለ። ዛንድስፕሩት ሎኬሽን ውስጥ ዳቦ ይሸጣል። ጴንጤ ነው። ይህንን በጓዳ ማንሾካሾክ ሰልችቶኛል፤ ስለዚህ ሁላችሁም ባላችሁበት ስሙኝ። ኦስሎ አልመጣም። አላገባህም።»

ሀይለየሱስ መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። ፊቱ ቀልቷል፤ የተዋረደ ሰው ፊት ነበር፤ አሳዘነኝ። ቢሆንም ቀና ብሎ «ጋሼ፣ በቃ ተቀመጡ» አላቸው ለሽማግሌዎቹ። «ልጅቷ አታውቅም ነበር።» ለኔም «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ» አለኝና ጠፋ። ሆዶቹ ወዲያ ወዲህ ዞር ዞር አሉ፣ አንዱ ጎንበስ ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት አየሁ፤ ወዲያው ስክሪኑ ጠቆረ።

«አዋረድሽኝ» አለች አክስቴ። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር። አክስቴ ስትጮህ ይሻላል።

«ሀቢሶን ምን አልሽው?»

«ኅዳር ላይ ጠርቼ ነገርኩት። ተስማምታለች፣ ቀኑ ብቻ ነው የቀረው፣ ደስታዋን የምትፈልግ ከሆነ ነገሩን አታንሳባት አልኩት። ቃል ግባልኝ አልኩት፣ ገባልኝ። ጴንጤ ስለሆነ ቃሉን እንደሚጠብቅ አውቅ ነበር።» ላፕቶፑን ከደነችው። «መዋሸቴን አውቃለሁ። ነገም ቢሆን እደግመዋለሁ።»

አክስቴን ክፉ ናት እንዳትሉብኝ። ባሏ ኪዳን ጀርሚስተን አጠገብ አንድ ሎኬሽን ውስጥ ሱቁ ላይ ነው የተገደለው፤ በፍርግርጉ በኩል ዳቦ እያቀበለ። ብቻዋን ቀርታ ከዜሮ ጀመረች፤ እናቴ ስትሞት ደግሞ እኔን ከአዲስ አበባ አስመጥታ አሳደገች። ያልሰጠችኝ ነገር የለም።

«የስፓዛ ሰው ሚስት ምን እንደሆነች አንቺ አታውቂም» አለችኝ። «ስልክ በጠራ ቁጥር ልብሽ ይቆማል። እኔ ስድስት ዓመት እንደዚያ ኖርኩ። በመጨረሻ ስልኩ ጠራ። አንቺን እዚያ ውስጥ አልከትም። ብትጠይኝም ጥይኝ፤ ኦስሎ ተቀምጠሽ፣ በሰላም ወጥተሽ እየገባሽ ጥይኝ።»

ይኸኔ አለቀስኩ። መታጠቢያ ቤት አልሄድኩም፣ እዚያው ሳሎን፣ ጋሽ ታዬ ፊት አለቀስኩ። «አክስቴ፣ ጋሽ ኪዳንን ባታገቢው ይሻልሽ ነበር?»

የቴሌቪዥኑን ሪሞት አነሳች።

«ንገሪኝ። እንደሚሞት ነግረውሽ ቢሆን ኖሮ ትተይው ነበር?»

ጋሽ ታዬን አየች፣ የጠቆረውን ስክሪን አየች፣ ነጠላዋን እስከ አገጯ ሳበች። «አንቺ ልጅ፣ በዚህ አትምጪብኝ» አለች። መልሱን ከዚያ አገኘሁት። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

* * *

እሑድ ቀን ታክሲ እስኪሞላ ድረስ የሰው ዕድሜ ያልቃል። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱ ሁሉ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ነፋሱ ነጩን ቀሚሴን ሲያርገበግበው አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ከላይ እስከ ታች አየችኝና በእንግሊዝኛ «ሲሲ፣ ልትጋቢ ነው?» አለችኝ። «እሱን ልጠይቀው እየሄድኩ ነው» አልኳት። እስከምትወርድ ድረስ ጭኔን እየመታች ሳቀች። አንድ ጊዜ ታክሲ ቀይሬ ዛንድስፕሩት ስደርስ ከቤት ከወጣሁ ሁለት ሰዓት አልፎኛል። ይህን ጊዜ ከኦስሎ የተነሳች ልጅ ብራስልስ ወርዳ ሻንጣዋን እየጎተተች ነው።

የሀቢሶ ስፓዛ ፊት ለፊት ሰዎች ተራርቀው ተሰልፈዋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስሙን ጠርቼ እገባ ነበር። ያን ቀን ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ተራ ያዝኩ። አንዱ እንቁላል ገዛ፣ አንዷ ኤርታይም። ተራዬ ሲደርስ ከፍርግርጉ ጀርባ ጎንበስ ብሎ ሳንቲም እየለቀመ፣ ሳያየኝ፣ ለዙሉ ደንበኞቹ እንደሚለው «ሲሲ፣ ኡፉናኒ?» አለ። እኅቴ፣ ምን ፈለግሽ ማለቱ ነው።

«አንተን» አልኩት።

ቀና አለ። መጀመሪያ ፊቴን አየ፣ ቀጥሎ ነጩን ቀሚስ። ሳንቲሙ ከእጁ ሲወድቅ ሰማሁት። «ሠርግሽ ዛሬ ነው?» አለኝ በማይሰማ ድምፅ።

«ሠርግ የለም። የተስማማሁት ነገር የለም። እስከ ዛሬ ኦስሎን ከአንተ በቀር ማንም አንስቶብኝ አያውቅም። አክስቴ ዋሽታሃለች። ዛሬ ነው ያወቅኩት፣ ዛሬውኑ እዚያው ፊታቸው አላገባም ብዬ ነው የመጣሁት።»

ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ሀቢሶ ግን ተቆጣ። በዕድሜዬ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም። «ዘጠኝ ሳምንት» አለ። «ዘጠኝ ሳምንት ደቂቃውን እየቆጠርሽ ነገርሽኝ። የጠዋቱ ይሻልሃል አልሽኝ። እኔ ከዚያ ደረጃ ስወርድ ምን ሆኜ እንደምወርድ ታውቂያለሽ?»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅከኝም? አፍ የለህም?»

«ቃል ገብቼ ነበር። ደግሞም ጠይቄሻለሁ። በየማክሰኞው ጠይቄሻለሁ። አንድ ቀን ‹ኦስሎን ተወው፣ እኔ እንደሆነ የትም አልሄድም› ትይኛለሽ ብዬ ነው ደረጃውን የምወጣው። አንቺ ኮፐንሃገንን ትነግሪኛለሽ።»

«ሌላ ልጅ ያለችህ መስሎኝ ነዋ፣ አንተ ደንቆሮ። ትወዳታለህ ስልህ አዎ አልከኝ። በጣም አልከኝ። ቤቴ ገብቼ ምን እንደሆንኩ አንተስ ታውቃለህ?»

«ሌላ?» አለ። ግራ ገባው። እውነቴን ነው፣ ሌላ ልጅ የሚባል ነገር ጨርሶ አእምሮው ውስጥ አልነበረም። «ፀጊ፣ ሌላ ማን አለ?»

ከኋላዬ የተሰለፉት አሮጊት ጉሮሯቸውን ጠረጉና በዙሉኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። ሀቢሶ ከአንገቱ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቃቸው። «ምን አሉ?» አልኩት። «ፍቅሩ ይቆይ፣ እኔ ወተቴን ይዤ ልሂድ ነው የሚሉት» አለኝ። ወተቱን ሰጣቸው። ሐሳቡ እኔ ላይ ስለነበረ ከወተቱ ጋር ያላዘዙትን ሻማም አብሮ ሰጣቸው፤ እሳቸውም ዝም ብለው ይዘውት ሄዱ።

«ብራስልስ ትሄዳለህ?» አልኩት። የመጣሁበት ጥያቄ ይኸው ነበር፤ መንገዱን ሙሉ ምላሴ ላይ ይዤው ነው የመጣሁት።

«ወንድሜ ወረቀቱን ጨርሷል። በረራ ሲከፈት ና ብሎኛል።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩህ።»

ፍርግርጉን በሁለት እጁ ያዘ። «ብራስልስን እሺ ያልኩት አንቺ ኦስሎ ስለምትሆኚ ነው። በዓመት አንዴ በመንገድ እንኳ ባይሽ ብዬ ነው። አንቺ እዚህ ከሆንሽ እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ?» ወደ መንገዱ ታች አየና ቀጠለ፤ «ግን ስሚኝ ፀጊ፤ አክስትሽ ስለ ስፓዛ የፈሩት ነገር እውነት ነው። ባለፈው ዓመት ከዚህ ሦስት መንገድ ወረድ ብሎ ሱቁ ላይ የተገደለ ጎረቤቴን ቀብረናል። ይህንን ደብቄ አላገባሽም።»

«አውቃለሁ።»

«ቤተሰቤም ኦርቶዶክስ አመጣህ ብሎ ይቆጣል።»

«ይቆጣ። የኔም ተቆጥቷል፤ አብረው ይቆጡ።»

«ቤተ ክርስቲያኑንስ ምን እናደርጋለን?»

«እሱን ተጋብተን እንጣላበታለን። ዛሬ ሌላ ፀብ ይበቃኛል።»

ሳቀ። ከነሐሴ ወዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። «ስላንቺ መጸለይ አላቆምኩም እኮ» አለኝ።

«ምን እያልክ?»

«መጀመሪያ ደስ ይበላት፣ ትዳሯን ባርክላት እል ነበር። ከልቤ ልል ሞከርኩ፣ ጌታ ያውቃል። በኋላ ግን አቃተኝ። ከገና ወዲህ የጸለይኩት አውሮፕላን እንዳይነሳ ነው።»

«አንተ ነህ ለካ» አልኩት። «እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ የሰው በረራ ስሰርዝ የምውለው በአንተ ነው ለካ።»

ያን ጊዜ ቁልፉን አወጣ። ሱቅ ክፍት ሳለ የስፓዛ የብረት በር ለማንም አይከፈትም፤ ለጓደኛ አይከፈትም፣ ለፖሊስ እንኳ ተጠይቆ ነው። ሀቢሶ ከፈተውና ወጣ። የተሰለፈው ሰው ሁሉ እያየ፣ ማስኩን አውልቆ ፊት ለፊቴ ቆመ። ስንት ወር ያላየሁትን አፉን አየሁት። ጢም አብቅሏል፤ አያምርበትም፤ አልነገርኩትም። እጄን በሁለት እጁ ያዘ እንጂ ሌላ ምንም አላደረገም፤ እኔ ግን በዚያ ሰፈር፣ በዚያ ፀሐይ፣ ከዚያ የበለጠ ነገር የምችል አልነበርኩም።

ስልኬ ጠራ። አክስቴ ናት። ሀቢሶ ስሟን ስክሪኑ ላይ አነበበ። አታንሺው ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«አንሺው» አለኝ።

«የት ነሽ?» አለች አክስቴ።

«ዛንድስፕሩት ነኝ። ሀቢሶ ጋ።»

ድምጿ አልቅሶ የጨረሰ ሰው ድምፅ ነበር። «ሊመሽ ነው። ከአስራ ሁለት ሰዓት በኋላ ከዚያ ታክሲ አይገኝም፤ ሰዓት እላፊም አለ። ነይ ወደ ቤትሽ።»

ሀቢሶን አየሁት። ምን እንዳለችኝ ሰምቷል። ሊዘጋ ወደ ሱቁ ተመለሰ፣ ውጭ የተደረደሩትን የለስላሳ ሳጥኖች አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ማስገባት ጀመረ፤ በእሑድ፣ በገበያ ሰዓት።

«እመጣለሁ አክስቴ» አልኳት። «ግን ብቻዬን አልመጣም። በሩን ለሁለታችን ነው የምትከፍችው።»

እሺ አላለችም። ስልኩንም አልዘጋችውም። ትንፋሿን እየሰማሁ ፀሐዩ ላይ ቆምኩ፤ እኔም ቀድሜ አልዘጋሁትም።